የመብራቱ መርዶ

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ጅዳ ላለኸው ወንድሜ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ሲያስቸግርህ የከረመው ወገብህ ተሻለህ ወይ? የሙቀቱን ነገር አልጠይቅህም፤ ለመርሳ ልጅ ሙቀት ዘመዱ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባባ ከእግራቸው በቀር ደህና ናቸው። ክረምቱ ዘንድሮ አልጨከነብንም። የእኔም የፍራፍሬ ደጃፍ እንደነበረች ናት፤ ከሚሸጠው የሚበሰብሰው ቢበዛም ሥራ አልፈታሁም። እንግዲህ ደብዳቤ ሁሉ «ደህና ነን» ብሎ ስለሚጀምር እኔም ብያለሁ። ከዚህ በታች ያለው ግን ደህና አይደለምና እህል ቀምሰህ፣ ቁጭ ብለህ፣ ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ይባላል እንደምትል አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ስልኩ ሁልጊዜ አባባ ፊት ነው የሚነሳው፤ ድምፁም ከፍ ተደርጎ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ድምፄን ቀርጬ ልላክልህ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ለቅሶው እየቀደመኝ ተውኩት። ደግነቱ የሰፈራችን ልጅ ሉብና ለሥራ ወደ እናንተ ልትመጣ ነው፤ በእሷ እጅ እልክልሃለሁ። አታነበውም ብዬ አምናታለሁ። ካነበበችው ግን አንተ ሳይደርስህ ውርጌሳ ድረስ ይሰማል።

ነገሩ የኢዘዲን ነው። ታናሽ ወንድማችን አንተ በሄድክበት ባሕር ሊሄድ ተነስቷል። ወልድያ ላይ ይነዳት የነበረችውን ባጃጅ ለባለቤቷ መልሶ መጥቶ እቤት ተቀምጧል። ከመውሊድ በኋላ ነው የሚነሱት አሉ፤ ከሐራ፣ ከሲሪንቃ፣ ከእኛም ሰፈር ልጆች አሉበት። በጅቡቲ አድርገው፣ ከኦቦክ በጀልባ። ያንተው መንገድ ነው እንግዲህ። «የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ» ስለው፣ የባሰውማ እዚሁ ነው ይለኛል። አፍ አያጣም፤ በአፉ አንተን ነው የወጣው። ለምኜዋለሁ፣ ሰድቤዋለሁ፣ አኩርፌ እራቱን ሳላቀርብለት አድሬያለሁ። ሁሉንም ይችለዋል። እኔ መርታት ያቃተኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ያንተ ቃል ነው።

የትኛው ቃል እንደሆነ ሳልነግርህም ታውቀዋለህ። ቢሆንም ከሥሩ ልጀምረው፤ በውስጤ ተቋጥሮ የከረመ ነገር ስለሆነ በቅደም ተከተል ካላወጣሁት አይወጣልኝም።

አባባ በወጣትነታቸው አሰብ ሳሉ፣ ከወደቡ ርቆ ባሕሩ መሃል ባለ ደሴት ላይ የመብራት ማማ ጠባቂ እንደነበሩ እኛ ከእናታችን ጡት ጋር የጠጣነው ወሬ ነው። ደሴቱ አፈር የለውም። ተራራው በጥንት ዘመን ተፍቶት የቀዘቀዘ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ በስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል፣ ነፋስ ሲነሳ ድኝ ድኝ ይሸታል፣ የሚጠጣ ውኃ እንኳ በጀልባ ነው የሚመጣው። ማማውን ቱርክ ጀመረው፣ ጣሊያን ጨረሰው ይላሉ። የብረት ደረጃው በጨው እየተበላ እነሱ በቀለም እየደበቁት፣ ትልቁን የመስታወት ዓይን ሕፃን እንደሚታጠብ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወሉ፣ ዓይኑን የሚያዞረውን እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ መኪና ከሥራ ባልደረባቸው ከጋሽ ብርሃኔ ጋር በፈረቃ እየጠመዘዙ ወጣትነታቸውን እዚያ ጨረሱት። በረመዳን ጋሽ ብርሃኔ ማፍጠሪያ ያዘጋጁላቸዋል፤ በሁዳዴ ደግሞ አባባ ሽሮ ይሠሩላቸዋል፤ እስከ ዛሬ የማን እጅ ይጣፍጥ እንደነበር ይከራከራሉ። መብራቱ ሁለቴ ብልጭ ይልና ረዘም አድርጎ ይጨልማል። ዙሪያው ሁሉ ውኃ ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ ስለሆነ፣ መርከበኛው በዚያች ብልጭታ ነው ከሞት የሚሸሸው። በሰማንያ ሦስት አሰብ ስትለቀቅ እንኳ ዘይቱን ሞልተው፣ ለሚመጣው ሰው እንዲያገለግል እየበራ ትተውት ነው የወጡት። መርሳ ባሕር አታውቅምና ሰው ይህን ሁሉ እንደ ተረት ነበር የሚሰማቸው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ደግሞ የሚሰማቸውም ጠፍቶ ግድግዳ ተደግፈው ይውሉ ጀመር።

ከዚያ ከሰሜኑ ጦርነት ማግስት አንተና የእትዬ ዓቢዳ ልጅ ኡበይደላ አብራችሁ ወጣችሁ። ድምፃችሁ ጠፍቶ ከረመ። እትዬ ዓቢዳ በአጥሩ በኩል «ደወለ ወይ?» ማለት ሥራቸው ሆነ፤ ጎረቤታችን ብቻ ሳይሆኑ የጭንቀት ባልንጀሮቻችን ሆኑ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከጂዛን ደወልክ። አባባ ጤናህን እንኳ ሳይጠይቁ መብራቱን አይተኸው እንደሆነ ጠየቁህ። አንተም «አየሁት አባባ። እኔም ኡበይደላም አየነው። ሁለቴ ብልጭ ይልና ይጨልማል» አልካቸው። እትዬ ዓቢዳ ስልኩን ተቀብለው ስለ ልጃቸው ሲጠይቁህ፣ የመን ላይ እንደተለያያችሁ፣ እሱ ከሌሎች ልጆች ጋር በሌላ መንገድ እንደሄደ ነግረሃቸው መስመሩ ተቋረጠ።

አባባ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ። ፍየል አርደው ሰፈሩን ጠሩ። ተረት ይባል የነበረው ነገር ምስክር አገኘ። እውነቴን ነው የምልህ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አባቴ ቀና ብለው ሲሄዱ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ልጇ ሊሄድባት የተነሳች እናት ሁሉ እኛ ቤት መምጣት ጀመረች። ልጆቹ በጨለማ እንዳይሄዱ ነው ፍርሃታቸው። አባባም «መብራቴ እያለ?» ይሏቸዋል፤ ለልጁ ዱዓ አድርገው፣ መብራቱን ሲያይ ጀልባውን በየት በኩል ማሳለፍ እንዳለበት በጣታቸው መሬት ላይ ሥለው ያሳዩታል። ልጆቹን የሚያሻግረው ደላላ ይህን ሲሰማ፣ ባመነታ ቤት ሁሉ «እኔን ካላመናችሁ ሂዱና ሽማግሌውን ጠይቁ» ማለት ጀመረ። እትዬ ዓቢዳም በየገበያው ቀን ጎራ እያሉ የመብራቱን ነገር እንደ አዲስ ያስወሯቸዋል። ልጄ ያየው ነገር ነው እያሉ ይሰማሉ፤ እፎይ ብለው ይሄዳሉ።

ባለፈው ሰሞን ኢስሐቅ የሚባል የሐራ ልጅ ደጃፌ መጣ። ከዚያው ካንተ አገር ታስሮ ተጠርዞ የተመለሰ ነው። ፓፓያ እየቆረጥኩለት፣ በባሕሩ ከሄደ የአባቴን መብራት አይቶት ይሆናል ብዬ እንደ ቀልድ ጠየቅሁት። «የቱ መብራት እቴ?» አለኝ። ያ ጥቁር ደሴት ከሆነ ተራራው ከፈነዳ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ማማው ከወገቡ በታች በአመድና በድንጋይ ተቀብሯል፣ መስታወቱም ረግፏል አለኝ። በቀን ስላለፉ በዓይኑ አይቶታል። ጀልባ ነጂዎቹ እዚያ ሲደርሱ ወሬ እንደሚያቆሙም ነገረኝ፤ በጨለማ ድንጋዩ ላይ የወጣ ጀልባ ብዙ ነው፣ የእኛ አገር ልጆች እዚያ ነው ያለቁት አለ። ፓፓያው ከእጄ ወደቀ ብልህ ውሸት ነው። ቆረጥኩለት፣ በላ፣ አመስግኖ ሄደ።

በማግስቱ በሚኒባስ ወልድያ ወጣሁ፤ ጋሽ ብርሃኔ ጋራዣቸው ውስጥ መኪና ሥር ተኝተው አገኘኋቸው። የማማውን ስም ስጠራ ቶሎ አልወጡም። ሲወጡ እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። ተራራው እንደፈነዳ ያኔውኑ በሬዲዮ ሰምተውት ኖሯል። ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቃቸው ተቆጡኝ። ለዚያ ሰው ማማው ከልጅ አይተናነስም፣ እንዲህ ያለ መርዶ በመንገድ ይነገራል ወይ አሉኝ። አንተ አየሁት ያልክ ጊዜም ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ሌላ ሰው ጠግኖ አብርቶት ይሆናል ብለው ራሳቸውን አታለሉ። የኢዘዲንን ነገር ስነግራቸው ግን «እንግዲህ እንደ ወጉ ይነገረው» አሉ።

እንደ ወጉ አደረግነው። ጋሽ ብርሃኔ ከዋዜማው መጥተው ጎረቤት አደሩ። አባባ ሱብሂን ሰግደው ሲመለሱ፣ ጋሽ ብርሃኔና የእድራችን የቅሬው ሽማግሎች ቤታችን ተሰብስበው፣ ፊታቸው ከብዶ ተቀምጠው አገኟቸው። አባባ ገና ደፉን ሳይሻገሩ ቆሙ። እንዲያ ያለ አቀማመጥ ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል። «የትኛው ልጄ ነው?» አሉ።

ጋሽ ብርሃኔ ተነስተው ትከሻቸውን ያዙና፣ ልጆቻቸው ደህና እንደሆኑ፣ የሞተው ማማው እንደሆነ ነገሯቸው። አባባ መጀመሪያ ሳቁ፤ አላህን አመሰገኑ። ከዚያ የነገሩ ትርጉም ሲገባቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ብርሃኔ የሰሙትን ሁሉ ነገሯቸው፤ እኔም የኢስሐቅን ወሬ ጨመርኩ። ሽማግሎቹ ለመብራት ምን እንደሚባል ቸግሯቸው «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። አባባ መቼ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ብርሃኔም ልጆቹ ከመሻገራቸው ከብዙ ዓመት በፊት ነው አሉ። ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን።

እትዬ ዓቢዳ የመጡት ያኔ ነው። በማለዳ ሰው ሲሰበሰብ በአጥሩ አይተው መርዶ መስሏቸው፣ ሻሻቸውን እንደ ነገሩ አስረው እያለቀሱ ገቡ። ለእኛ ነበር የሚያለቅሱት። አንዱ ሽማግሌ ሊያጽናናቸው ብሎ፣ ሰው እንዳልሞተ፣ የአባባ መብራት ግን ድሮ ጠፍቶ እንደኖረ ነገራቸው። እንባቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። ወደ አባባ አላዩም፣ ወደ እኔም አላዩም። «ታዲያ ልጆቹ ያዩት ምኑን ነው?» አሉ።

ትንሽ ጠብቀው ወጡ። በአጥሩ ጥግ ሲያልፉ በእጃቸው እየተደገፉ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በገበያ ቀንም አይመጡም፤ የመብራቱንም ነገር አይጠይቁም።

አባባም አርፈው አልተቀመጡም። ሽመላቸውን ይዘው፣ በዚያ እግራቸው፣ ዱዓ ያደረጉለት ልጅ ቤት ሁሉ ሄዱ። «መብራት አለ ያልኳችሁ የለም፤ ልጆቻችሁን ያዙ» አሉ። የያዘች እናት አለች። «ያኔ አለ ይበሉ ያለዎት ማን ነው?» ብላ ደጃፏ ላይ ያዋረደቻቸውም አለች። ልጇ ከሄደ ወዲህ ያልደወለላት ናት፤ አልፈርድባትም። አባባም አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት።

ኢዘዲን ብቻ ከሐሳቡ አልተመለሰም። ኢስሐቅ ያልቀናው ሰው ስለሆነ ለሌላው አይመኝም ይላል። ጋሽ ብርሃኔም በጆሯቸው ሰሙ እንጂ አላዩም ይላል። «ወንድሜ ግን በዓይኑ አይቷል። ወንድሜ አባቱን አይዋሽም። አላየሁም ካለ በራሱ አፍ ይንገረኝና እቀራለሁ» ብሎ አባባ ፊት ቁርአን ይዞ ምሏል። እሱ በወሬ አይቀርም፤ በመሐላው ግን ይቀራል፤ ታውቀዋለህ። እንግዲህ ቁርጡ ይኸው ነው። በዚህ ልጅና በዚያ ባሕር መሃል ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።

ወንድሜ፣ ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩት። ብዙ አስቤበታለሁ። ከዚያ ሁሉ ወጥተህ፣ ሰው አገር ብቻህን ቆመህ፣ አባትህ መብራቱን አየኸው ወይ ብለው ሲጠይቁህ፣ ከጎናቸው ደግሞ እትዬ ዓቢዳ እንዳሉ ድምፃቸውን ስትሰማ፣ ምን ልትል ትችል ነበር? መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን እኔም አንተም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ከጎንህ አንድ ሽማግሌ እንኳ አልነበረም።

በየዒዱ ለእኔ ሻሽ ስትልክ ለእትዬ ዓቢዳ ሙሉ ልብስ ትልካለህ። እኔም እህትህ ማን እንደሆነች ጠፋህ ወይ እያልኩ ስቀልድብህ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ አልቀልድም። እሳቸው ስልኩን በያዙ ቁጥርም መስመሩ ይቋረጣል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ኔትዎርኩን ስሰድብ ነው የኖርኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፣ አሁን ሲጠራ ፈራሁ። እስካሁን ስለ ኡበይደላ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁህም፤ አሁንም አልጠይቅህም። እኔ የምጠይቅህ አይደለሁማ።

አባባ በመጀመሪያ ምንም እንዳልጽፍልህ አዘውኝ ነበር። ልጄ አልዋሸኝም፣ አዘነልኝ እንጂ ይሉ ነበር። አንተ ስትደውልም እንደ ድሮው ሊያወሩህ ነበር ሐሳባቸው። ትናንት ግን ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ። የእኔ ይቅርታ ለዓቢዳ ምን ይሆናታል? ጻፊለት» አሉኝ። አየሁት ያልከውን ሳይሆን ያየኸውን እንድትነግረን ነው የሚፈልጉት።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከመውሊድ በፊት ባለው ጁምዓ፣ ሱብሂ እንደተሰገደ ደውል። በአባባ ስልክ አይደለም፣ በእኔ። ያን ጊዜ እትዬ ዓቢዳ ቤት ነው የምንሆነው። አባባ ይኖራሉ፤ ጋሽ ብርሃኔ ከወልድያ ይመጣሉ፤ የቅሬውም ሽማግሎች ይኖራሉ። ሲሪንቃ ላሉት ለእትዬ ዓቢዳ እህትም መልእክት ልከናል። ኢዘዲንን በር ላይ አላስቀምጠውም፤ ከእትዬ ዓቢዳ ጎን ነው የማስቀምጠው፤ እዚያው ሆኖ ይስማህ። ብቻህን አትሆንም፤ ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰብኩት ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ላንተም ነው። ምን ብለህ እንደምትጀምር አላስተምርህም። ቢያቅትህ ማልቀስ ትችላለህ፤ የተቀመጠው ሰው ይገባዋል። መስመሩን ብቻ አትቁረጠው።

እትዬ ዓቢዳ ለምን እንደምንመጣ አልተነገራቸውም። ዛሬ ጠዋት ግን ግቢያቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ቀና ብለው «ለሰው መቀመጫ የሚሆን ሰሌን ስንት አላችሁ?» አሉኝ። የፈለጉትን ያህል እንዳለን ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

አላህ አንደበትህን ይፍታልህ፣ ልብህን ያጽናልህ። ያንንም ልጅ በቤቱ ያቆይልን። አንተንም በሰላም አገርህ አግብቶ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። አሚን።

በማለዳ ስልኬን ይዤ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ፣ ከመርሳ